ስኳርንና ደም ግፊትን በስልክ እየተማሩ መቆጣጠር፦ የኦንላይን ፕሮግራምን ከወሎ ቤት ጋር የማስማማት መመሪያ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በወልድያ የሚኖር ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ባለሙያ ፊት የሚቀመጠው በክትትል ቀኑ ነው፤ እርሱም በወር ወይም በሁለትና በሦስት ወር አንዴ፣ ለጥቂት ደቂቃዎች። በቀረው ጊዜ ምን እንደሚበላ፣ ኪኒኑን በስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ዳገቱን በእግሩ ይውጣ ወይስ ባጃጅ ይያዝ የሚወስነው ራሱ ነው። የኦንላይን የአኗኗር ፕሮግራሞች የተዘጋጁት በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ላለው ለዚህ ረጅም ጊዜ ነው። በየሳምንቱ አንድ ትምህርት ይልካሉ፣ ክብደትን፣ ልኬትንና ምግብን ያስመዘግባሉ፣ ከአማካሪ ወይም ተመሳሳይ ሕመም ካላቸው ሰዎች ጋር ያገናኛሉ። ከዚህ በታች የምጽፈው እናቴ ደሴ ላይ ሁለት እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን ስትከተል፣ እኔና እኅቴ እያገዝናት ከተማርነው ነው። እናቴ ሁለቱም አሉባት፤ ስኳሩ ሁለተኛው ዓይነት ነው።

ፕሮግራም ከመምረጥ በፊት ከፕሮግራሙ ውስጥ የሚሠራው ክፍል የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። በአሜሪካ ተካሂዶ በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት፣ ገና ስኳር ያልያዛቸው ነገር ግን ለመያዝ የቀረቡ ሰዎችን በአኗኗር ለውጥ ሲያግዝ፣ በሁለተኛው ዓይነት ስኳር የመያዛቸው ዕድል በ58 በመቶ ቀንሷል፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ኪኒን የወሰዱት ላይ ደግሞ በ31 በመቶ። የተሰጣቸው ግብ የሰውነት ክብደትን 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ብቻ ነበር። ዛሬ በስልክ የሚሰጡት ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የዚህ ጥናት ልጆች ናቸው። ነገር ግን ጥናቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ትምህርት ብቻ አልተሰጣቸውም፤ በ16 ትምህርቶች ውስጥ አንድ አሰልጣኝ በስማቸው እየጠራ ሲጠይቃቸው፣ ክብደታቸውን ሲመዝን፣ ሲሰናከሉም ምክንያቱን አብሮ ሲፈልግ ነበር። ስለዚህ የሚጠይቅህ ሰው የሌለበት ፕሮግራም፣ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ግማሽ ፕሮግራም ነው። የውጭው አማካሪ ከሌለ ጠያቂውን ከቤት መሾም ይቻላል። በእኛ ቤት ጠያቂዋ ከኮምቦልቻ በየእሑዱ የምትደውለው እኅቴ ነበረች፤ ከሁሉም አሰልጣኞች የምትበረታው እርሷ እንደነበረች እናቴ አሁንም ትናገራለች።

ምርጫው ላይ ሦስት ነገሮችን መመልከት ይበቃል። የመጀመሪያው ከጀርባው ማን እንዳለ ነው፤ ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የጤና ሚኒስቴር ወይም የታወቀ የሙያ ማኅበር ከሆነ መልካም ነው፣ ስሙን የማይገልጽ የቴሌግራም ገጽ ከሆነ ግን አይሆንም። ሁለተኛው በመመዝገቢያው ላይ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ የኩላሊትዎን ሁኔታና ዕድሜዎን መጠየቅ አለመጠየቁ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋውንና ሜትፎርሚን ብቻ የሚውጠውን በአንድ ዓይነት የሚያስተናግድ ፕሮግራም አደገኛ ነው። ሦስተኛው የሚገባው ቃል ነው፤ «በ21 ቀን ከስኳር እንገላግላለን፣ ኪኒኑን ይጣሉ» የሚል ካለ ወዲያውኑ መውጣት ነው። ይህን የምለው ከከፈልነው ዋጋ ተነሥቼ ነው። ስሙን የማላነሣው አንድ ሻጭ በስልክ ገንዘብ ካስላከን በኋላ ለእናቴ የምግብ ሰንጠረዥና የዱቄት ቅመም ላከላት፣ ሜትፎርሚኑንም እንድታቆም ነገራት። በሦስተኛው ሳምንት የጾም ስኳሯ ከ300 በላይ ሆኖ ተገኘ። ገንዘቡ አልተመለሰም፤ የተመለሰው ኪኒኑ ነው።

ክብደት መቀነስን ማዕከል ያደረገ ፕሮግራም ለሁሉም እንደማይሆንም መታወቅ አለበት። ፕሮግራሞቹ የተሠሩት በአብዛኛው ውፍረት ለሚያስቸግራቸው አገሮች ነው። በእኛ ደጋ ወረዳዎች ግን ስኳር ይዟቸው ሰውነታቸው የቀጨጨ፣ በኢንሱሊን የሚኖሩ ወጣት ገበሬዎች አሉ፤ እነዚህ ሰዎች ካሎሪ ቀንሱ የሚለውን ትምህርት ቢከተሉ ይጎዳሉ። ነፍሰ ጡር፣ ኢንሱሊን ተጠቃሚ፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰውም ፕሮግራሙን ከመጀመሩ በፊት የሚከታተለውን ሐኪም ማማከር አለበት። ለምሳሌ በአንዳንድ ፕሮግራሞች ለደም ግፊት የሚመከረው የጨው ምትክ ፖታሲየም ስላለበት፣ ኩላሊቱ ለደከመ ወይም እንደ ኢናላፕሪል ያለ የግፊት ኪኒን ለሚውጥ ሰው ልብን እስከ ማወክ የሚያደርስ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ከመጀመሪያው ትምህርት በፊት አንድ ሳምንት ለልኬት ብቻ ይሰጥ። የሚያስፈልገው ባለመስመር ደብተር፣ የስኳር መለኪያ ከነስትሪፑ፣ በክንድ የሚታሰር የግፊት መለኪያና ሚዛን ነው። ሚዛን ከሌለ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሁልጊዜ በዚያው ሚዛን መመዘን ይበቃል። ግፊት ሲለካ ለ5 ደቂቃ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያጣምሩ መሬት አስረግጦ፣ ክንድን በልብ ትይዩ አሳርፎ፣ ሳያወሩ ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም። ሁለት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ይለካና ሁለቱም ይጻፋል። ቤት ውስጥ በተደጋጋሚ ከ135/85 በላይ ከሆነ ለሐኪሙ የሚነገር ነው።

ቁጥሮቹን መተርጎም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። እኛ ዘንድ ስኳር የሚነበበው በሚሊግራም ሲሆን የእንግሊዝ ፕሮግራሞች በሚሊሞል ይጽፋሉ፤ የእነርሱን ቁጥር በ18 ማባዛት ነው። እነርሱ 7 ሲሉ የእኛ 126 ይሆናል። እናቴ መለኪያዋ 126 ሲያሳያት መተግበሪያው ላይ 126 ብላ አስገብታ፣ ስልኩ በቀይ ጽሑፍ «አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ» ብሏት ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል። የአሜሪካዎቹ ፕሮግራሞች ክብደትን በፓውንድ ይቆጥራሉ፤ አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ መተግበሪያው ጠዋት 8፡00 ላይ ኪኒን ያስታውሳል ከተባለ የእኛ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። በቀጥታ የሚሰጥ የቡድን ውይይት ከሆነ ደግሞ፣ በኒውዮርክ በእኛ አቆጣጠር የምሽት 12 ሰዓት (በእነርሱ 6፡00) የሚጀመር ስብሰባ ደሴ ላይ እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነውና የተቀዳውን ማየት ይሻላል። የላቦራቶሪ ወረቀት በፈረንጅ ቀን፣ የክትትል ካርዱ በእኛ ቀን ስለሚጻፍ በደብተሩ ላይ ሁለቱንም ማስፈር በኋላ ከብዙ ክርክር ያድናል።

አሁን ወደ ምግቡ፣ ማለትም ፕሮግራሞቹ ከእኛ ጋር በጣም ወደሚለያዩበት ነገር እንምጣ። መተግበሪያው የሚያቀርበው ዝርዝር አጃ፣ ብሮኮሊና ሳልመን ነው፤ የቆቦው ቤት የማሽላ እንጀራ፣ የደላንታውና የወረኢሉው ደግሞ የገብስ ቂጣና በሶ ይበላል። ዝርዝሩን መተው፣ መርሑን ግን መያዝ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የሚያስተምሩት የሳህን አከፋፈል ግማሹ ቅጠላ ቅጠል፣ ሩቡ ጥራጥሬ ወይም ሥጋ፣ ሩቡ እህል ነው። ይህ ግን ለየብቻው ሳህን ለሚቀርብለት ሰው የተነገረ ነው፤ አምስት ሰው በአንድ ገበታ ሲቀመጥ የማን ሩብ የት እንደሆነ ማን ያውቃል? እኛ ያገኘነው መላ፣ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት የእናቴን እንጀራ ከጥቅሉ ቆርጦ ከፊቷ ማስቀመጥና ያ ሲያልቅ ሌላ እንዳትነካ መስማማት ነው። ጎመኑ፣ ምስሩና ሰላጣው በእርሷ በኩል ይበዛል፤ መጀመሪያ የምትቀምሰውም እርሱን ነው። ወጡ የራሰበት ከሥር ያለው እንጀራ ደግሞ ለወጣቶቹ ይቀራል። ጉርሻን የሚቆጥር መተግበሪያ እስካሁን አላየሁም፤ ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ «ከእኔ ድርሻ አንሥተህ አጉርሰኝ» ማለትን ተምራለች፣ ቅር የተሰኘም የለም።

ጤፍ፣ በተለይም ጥቁሩ፣ ስኳር የለውም የሚለውን ወሬ ፕሮግራሙ ስለማይመልሰው እዚህ ላንሣው። ጤፍ መልካም እህል ነው፤ ነገር ግን እንደ ማሽላውና እንደ ስንዴው በሆድ ውስጥ ወደ ስኳር የሚለወጥ ስታርች ነው። በጥቁርና በነጭ መካከል ከመምረጥ ይልቅ መጠኑን መቀነስ ይበልጥ ይጠቅማል። እርግጡን ማወቅ የሚፈልግ ሰው በራሱ ይሞክር፦ ከመብላቱ በፊት ይለካ፣ መብላት ከጀመረ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ይለካ። ከ180 በላይ ከሆነበት በማግስቱ እንጀራውን በሩብ ቀንሶ ይድገመው። እንዲህ ያለ የሦስት ቀን ሙከራ እናቴን ከአሥር ትምህርት በላይ አሳምኗታል። ስትሪፕ ውድ ስለሆነ ግን በየቀኑ አይደረግም።

ጨውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ፕሮግራሞቹ ወጥ ላይ የሚነሰነሰውን ቀንሱ ይላሉ። እኛ ቤት ግን ጨው ወጡ ጣድ ሳይባል በፊት ይገባል፤ በርበሬው ሲዘጋጅና ሽሮው ሲቀመም አብሮ ተደባልቋል። ስለዚህ ቅነሳው የሚጀመረው በዓመት አንዴ በርበሬ በሚደቆስበት ቀን ነው። የዚያን ቀን ጨው ሳይገባበት ለታማሚው ጥቂት ኪሎ ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል።

የወሎ ቡና ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ቡናው ራሱ ለአብዛኛው ሰው ችግር የለበትም፤ ችግሩ በስኒ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ፣ ይህም በቀን ሁለትና ሦስት ቤት ሲጠጣ ነው። ምግቧን ብቻ የምትመዘግብ እናት ይህን አትመዘግበውም፣ «ቡና ነው እንጂ ምግብ አይደለም» ትላለችና። እኛ የስኒውን ቁጥር በደብተሩ ዳር በጭረት እንድትመዘግብ አደረግን፤ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ጭረቱን ቆጥራ ራሷ ደነገጠች። የቡና ቁርሱንም ከዳቦ ወደ ጥቂት የሽምብራ ቆሎ ቀየረችው። ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ ለአማካሪው በግልጽ ይናገር፤ ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ረሃብን ስለሚያጠፋ ኪኒን የዋጠ ሰው ምሳውን እንዲዘልና ስኳሩ እንዲወርድ ያደርጋል፣ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳም መልሶ ያወጣዋል። ወዳጃ፣ ማለትም ጫት እየተቃመ ዱዓ የሚደረግበት ስብሰባ ላይ የሚቀመጥ አባት ይህን ለልጁ ባይናገር እንኳ ለደብተሩ ቢናገር መልካም ነው።

እንቅስቃሴን በተመለከተ ረጅም ነገር አልልም። ከዋድላ ገበያ በእግሩ የሚመላለስ ገበሬ ተጨማሪ እርምጃ አያስፈልገውም፤ ሱቅ ውስጥ ወይም ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ሰው ግን ያስፈልገዋል። በጦሳ ሥር በምትገኘው ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምንራመድ፣ በስልክ ላይ የሚታየው የእርምጃ ቁጥር ድካሙን አይገልጽም። ልኩ ትንፋሽ ነው፤ እየተራመዱ ማውራት የሚቻል፣ መዝፈን ግን የማይቻል ከሆነ ተስማሚ ነው። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም ከተሰማ ይቆማል፣ ሐኪም ቤትም ይኬዳል። ስኳር ያለበት ሰው በባዶ እግሩ ወይም በኮንጎ ጫማ ረጅም መንገድ አይሂድ፤ ማታ ማታ እግሩን ከሥሩ ጭምር ይመልከት፣ የማይታየው ከሆነ ልጅ ይመልከትለት።

የሳምንቱ ዕቅድ እንዴት እንደሚጻፍ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣውና ለስድስት ሳምንት የሚሰጠው የራስ አያያዝ ትምህርት ጥሩ ልማድ አለው። ዕቅዱ ምን፣ ምን ያህል፣ መቼ፣ በሳምንት ስንት ቀን የሚሉትን አራቱንም ይመልሳል። ከዚያ ሰውዬው «ይህን እንደምፈጽም ከዜሮ እስከ አሥር ምን ያህል እርግጠኛ ነኝ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ ከሰባት በታች ከሆነ ዕቅዱን ያቀለዋል። «ከዛሬ ጀምሮ ስፖርት እሠራለሁ» ዕቅድ አይደለም። «ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከቡና በኋላ ለ20 ደቂቃ እሄዳለሁ» ግን ዕቅድ ነው።

ጾም ሲመጣ ፕሮግራሙን ማቆም ሳይሆን ከጾሙ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ከሐኪም ጋር ማስተካከል ነው የሚሻለው። በረመዳን የቀኑ ሰዓት ስለሚገለበጥ የኪኒኑና የኢንሱሊኑ ሰዓትና መጠን ይለወጣል፤ ይህን የሚያደርገው ሐኪሙ ነው እንጂ መተግበሪያው አይደለም። ሴኔጋል ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስኳር ላለባቸው ጾመኞች በረመዳን ምክር በአጭር የስልክ መልእክት ስትልክ ቆይታለች፤ ኢንተርኔት የማይፈልግ በመሆኑ ለእኛም የሚመች መንገድ ነው። ልኬቱ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ ወዲያው ይፈታል። ስኳር ሲወርድ በሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የበጠበጡትን ውኃ ጠጥቶ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት ነው። በሁዳዴ 55 ቀናት ደግሞ አደጋው ሌላ ነው፤ ጠዋት ግሊቤንክላሚድ የተባለውን ስኳር የሚያወርድ ኪኒን ውጦ እስከ ቅዳሴ መውጫ እህል ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው ስኳሩ መንገድ ላይ ሊወርድበት ይችላል። ሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው ፈቃድ ስላላቸው የንስሐ አባትንም ሆነ ሸሁን በጊዜ ማነጋገር ይገባል። በወሎ ደግሞ የበዓሉ ማዕድ ድርብ ነው፤ ለፋሲካም ለኢድም ይጠራልና፣ በእነዚያ ሳምንታት የደብተሩ ግብ መቀነስ ሳይሆን ባሉበት መቆየት ቢሆን ይበቃል።

ሁሉንም ነገር ስልክ ላይ ብቻ ማስቀመጥ እንደማይቻል የዚህ አካባቢ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ መብራትም ስልክም ጠፍቶ ነበር፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ስለዚህ ትምህርቶቹ በተከፈቱ ቀን ወደ ስልኩ ይውረዱ፤ ከቪዲዮ ይልቅ ድምፅ ብቻ ያለው የኢንተርኔት ጥቅሉን አይጨርስም፣ ማንበብ ለማትችል እናትም ይመቻታል። ዋናዎቹ ቁጥሮች፣ የመድኃኒቶቹ ስምና መጠን፣ ስኳር ሲወርድ የሚደረገው ነገር በአንድ ካርቶን ላይ በአማርኛ ተጽፈው ጓዳ ውስጥ ይሰቀሉ። በባቲና በቆቦ ቆላ ማቀዝቀዣ ሲጠፋ፣ ኢንሱሊንን እርጥብ አሸዋ በከበበው ሸክላ ውስጥ ማስቀመጥ ሙቀቱን ይቀንስለታል። የአንድ ወር መድኃኒት ትርፍ መያዝም ከቅንጦት አይቆጠርም።

በመጨረሻም ደብተሩ ወደ ክትትል ክፍሉ ይግባ። ሐኪሙ ሠላሳ ገጽ ለማንበብ ጊዜ የለውምና ከቀጠሮው በፊት በነበረው ምሽት አንድ ገጽ ይዘጋጅለት፤ ከላይ የክብደቱ ለውጥ፣ ቀጥሎ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ልኬት ከነሰዓቱ፣ ከሥሩ አንድ ጥያቄ። ይህ በተለይ ለተሳካለት ሰው አስፈላጊ ነው፤ ክብደቱ የቀነሰና እንጀራውን ያሳነሰ ሰው ድሮ የታዘዘለት መጠን ሊበዛበት ይችላልና። እናቴ በአራተኛው ወር ገጿን ይዛ ስትገባ፣ ወጣቱ ሐኪም ከወረቀቱ ቀና ብሎ «እማማ፣ ስኳርዎ ሌሊት ሌሊት ይወርዳል እንዴ? ላብ ያልብዎታል?» አላት። ያልባት ነበር፤ ብርድ ልብሱ በዝቶ መስሏት ነበርና ለማንም አልነገረችም። የማታውን ግሊቤንክላሚድ አቆመላት፣ የሦስት ወር አማካይ ስኳሯ እንዲመረመርም ወረቀት ጻፈላት። ከዚያ ወዲህ በደብተሯ ላይ «ላብ» የሚል አንድ ዓምድ ጨምራለች።